ውርጭ የምትሠራው ሳጥን

ቄሱ አያቴ፣ አባባ፣ አክስቴን የኔነሽን ከደጃቸው ሲያባርሯት በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅ ነበርኩ፤ ግቢያችን ውስጥ ካለው የጭድ ክምር ላይ ወጥቼ ስለተቀመጥኩ ከእኔ አብልጦ ያየ ሰው አልነበረም። «ከደጄ ውጪልኝ!» ሲሉ የወጣቸው ድምፅ ቅዳሴ የሚመሩበት ድምፅ ነው፤ ከወንዝ ማዶ ያሉት እንኳ ሰምተዋል። ለብዙ ዓመታት አያቴ ሲነሡ ጆሮዬ ላይ የሚቀድመው ያ ድምፅ ነበር። በወሬ የተሳሳተ ሰው ይታረማል። በዓይኑ አይቶ የተሳሳተን ግን ማን ያርመዋል?

አገራችን አስታ ሜዳ ይባላል። ከንፋስ መውጫ አልፈው ወደ ስማዳ ቆላ ከመውረድዎ በፊት ያለ ብርዳም ደጋ ነው፤ ገብስና ባቄላ ይበቅልበታል፤ ከዚያ ሌላ የሚያኮራ ነገር የለውም። እዚያ ከጥቅምት ውርጭ የበለጠ የሚፈራ የለም። ገብሱ ወተት ሲይዝ፣ ባቄላው ፍሬ ሲቋጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ዝም ካለ ሽማግሌዎቹ ወደ ላይ እያዩ ይቆዝማሉ። አንድ ንጋት ይበቃዋል። ማሳው ነጭ ለብሶ ያድራል፤ ፀሐይ ስትወጣበት ይጠቁራል፤ የዓመት ልፋት የከብት መኖ ይሆናል። ስለዚህ በጥቅምት ስሙን የሚጠራው ሰው የለም። «ያ ነጩ» ይባላል። ስሙን አፍ አውጥቶ የጠራ፣ እንደ ጋበዘው ይቆጠራል። እናቴ ማስተዋል አንድ ጊዜ እኔ እየዘፈንኩ ብጠራው አፌን በመዳፏ ስትመታኝ ጥርሴ ከንፈሬን ቆርጦታል።

እንግዲህ አክስቴ እንዲህ ወዳለ አገር ነው ፊኛዋን ይዛ የመጣችው።

የኔነሽ የአባባ የመጨረሻ ልጅ ናት። ሩቅ አገር ተምራ፣ የአየር ጠባይ አጥኚ ሆና፣ ሥዩም በሚባል ሾፌር የሚነዳ ፒካፕ ላይ የጋዝ ሲሊንደር ጭና መጣች። ግቢያችን ከፍታ ላይ ስለሆነና ዙሪያው ገላጣ ስለሆነ ፊኛዋን ከዚያ ልታስነሣ ነው። ፊኛው ሲነፋ ከጎጇችን ይበልጣል። ከሥሩ ቀይ ጃንጥላ፣ ከጃንጥላው ሥር ደግሞ ነጭ ሳጥን ይንጠለጠላል። ገመዱን የያዘላት ወንድሟ፣ አባቴ ይርዳው ነበር።

«ከደመና በላይ፣ አውሮፕላን ከሚሄድበትም በላይ ያለውን እርጥበት ነው የምለካው» አለችኝ። «እዚያ ላይ ያለው ውሃ እጅግ ትንሽ ነው ሕይወቴ። ጨምቀሽ ብትጠጪው ምላስሽን አያርስም። ግን ከታች እስከ ላይ ያለው እርጥበት ሁሉ ለምድር ጋቢዋ ነው። ሲሳሳ ምድር ይበርዳታል።»

እኔ የሰማሁት ጋቢ የሚለውን ብቻ ነው። ሳጥኗ ውስጥ ጋቢ ያለ መስሎኝ፣ ፊኛው ሲወጣ አንገቴ እስኪያመኝ ድረስ ተዘርግቶ እንዳየው ጠበቅሁ።

ሳጥኖቹ ርቀው ወደ እስቴ ወይም ወደ ስማዳ ቆላ ይወድቃሉ ብላን ነበር። የመጀመሪያዋ ግን፣ ላይኛው ነፋስ ወደ አንድ ወገን ታችኛው ወደ ሌላ ወገን ሲነፍስ፣ ዞራ ዞራ የጎረቤታችን የአያ አለሙ ባቄላ ማሳ ላይ ተቀመጠች። አያ አለሙ በዱላ ጫፍ አንጠልጥሎ፣ ከኋላው ሰው አስከትሎ መጣ። ቀልደኛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

«ይህ ምንድን ነው?»

አክስቴ ሳጥኗ ስለተገኘችላት ደስ ብሏት ሳቀች። ከፈተቻትና በውስጧ ያለችውን ጥፍር የምታህል መስታወት አሳየቻቸው። «ይቺን ታያላችሁ? ላይ ስትደርስ ትቀዘቅዛለች፤ ውርጭ እስክትይዝ ድረስ። ውርጩን በራሷ ላይ እየሠራች ነው አየሩ ምን ያህል እርጥበት እንዳለው የምታውቀው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል።  እናቴ ነጠላዋን በጥርሷ ያዘች።

«ውርጭ ትሠራለች?» አለ አያ አለሙ።

«ትንሽዬ ናት እኮ፤ ...»

«በጥቅምት?»

አክስቴ በዚያ አገር ተወልዳ በዚያ አገር ያደገች ናት። ትምህርት ብዙ ነገር ይሰጣል፤ የት ላይ ዝም እንደሚባል ግን ያስረሳል። ሳምንቱ ሳይሞላ የአያ አለሙ የታችኛው ባቄላ ነጭ ለብሶ አደረ፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላሸት መስሎ ቆመ። ሌላ ሰው ማሳ አልተነካም፤ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የነበረው የእሱ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ጎድጓዳ እንደሚወርድ ዛሬ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ያን ጊዜ ግን እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ነበር ያመንኩት፤ ሳጥኗ የወደቀችበት ማሳ ነው የተመታው። አክስቴን እየወደድኳት ፈራኋት።

ሁለተኛውን ፊኛ ስታስነሣ አጥሩ ዙሪያ ወንዶች ቆመው ነበር። ጤና ይስጥልኝ ያለ የለም። ዱላቸውን አገጫቸው ሥር አስደግፈው ያያሉ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ እነሱንም እህቱንም ላለማየት መሬት መሬት ያይ ነበር። ፊኛው ወጣ፤ አነሰ፤ ጠፋ። አክስቴ ሳጥኗ ከላይ የምትልከውን ለማየት ፒካፑ ውስጥ ላፕቶፗን ታቅፋ ተቀመጠች። እኔ ጭዱ ላይ ሆኜ ፊቷን አያለሁ። መጀመሪያ ቅንድቧን ከሰበሰበች በኋላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ወርዳ በቀጥታ ወደ አባባ ሄደች፤ ይዘዋት ወደ ቤት ገቡ፤ በሩ ተዘጋ።

ከክምሩ ወርጄ ከግድግዳው ጀርባ ተጠጋሁ። ጭቃው ወፍራም ነው፤ የሚያልፈው ድምፅ ቁርጥራጭ ነበር። አክስቴ ታለቅሳለች። «... ገብሱ ሁሉ ...» ትላለች። አባባ ቀስ ብለው ይናገራሉ። «ስምሽ በዚህ ነገር አይነሣም» ሲሉ ሰማሁ። ደግሞ «ዛሬውኑ ከዚህ ትሄጃለሽ» አሉ። እሷም «እና እነሱስ?» አለች። «እነሱን ለእኔ ተዪ።»

በልጅ ጭንቅላቴ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ። አክስቴ ውርጭ እንደሠራች ተናዘዘች፤ አባባ ደግሞ ስሟን ከቤታችን ፋቁ።  ተመልሼ ጭዱ ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

ከዚያ ወጡ። አባባ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ በአጥሩ ዙሪያ የቆሙት ሁሉ እንዲሰሙ አድርገው «ከደጄ ውጪልኝ!» አሉ። «ሳጥንሽንም ይዘሽ ውጪ! ይህ ማሳ የድሃ ጉሮሮ ነው፤ መሞከሪያ አይደለም!» አክስቴ አንገቷን ደፍታ ፒካፑ ላይ ወጣች። ሥዩም ሞተር አስነሣ። ስታልፍ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አያ አለሙ መኪናው ከጠመዝማዛው እስኪሰወር ጠብቆ «ተባረኩ መምሬ» አለ። አባባ ጀርባቸውን ሰጥተውት ወደ ቤት ገቡ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የማርያም ደወል ያለ ሰዓቱ ተደወለ። ሰው እየሮጠ መጣ፤ የሞተ ሰው ያለ የመሰለው ብዙ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ቅጠል አይንቀሳቀስም። አባባ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ሰው እስኪሰበሰብ ጠበቁ፤ እኔ የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ ፊት ለፊታቸው ነበርኩ።

«ነገ ሊነጋጋ ሲል ውርጭ ይወርዳል» አሉ።

ስሙን ጠሩት! ሴቶቹ አማተቡ። አንዱ ሽማግሌ «ኧረ በማርያም!» አለ። አባባ ግን ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ቀጠሉ፦ ጭድ ያለው ጭድ፣ ኩበት ያለው ኩበት፣ እርጥብ ቅጠል እየጨመረ በየማሳው ዳር ያጭስ፤ ጭሱ እንደ ክዳን ሆኖ ገብሱን ያሞቀዋል።

አያ አለሙ ሰው እየገፋ ወደ ፊት ወጣ። «መምሬ፣ ይህን ማን ነገረዎት?»

እዚህ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ቃል ላይ ቆሞ ነበር። እኔ አላወቅሁም። ያወቅሁት የእናቴ እጅ ትከሻዬን እንዳሳመመኝ ብቻ ነው። አባባ መስቀሉን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩት። ለምን እንዳዛወሩት በልጅነቴ ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ ደክሟቸው መስሎኝ ነበር።

«ታየኝ» አሉ።

«በጸሎት ላይ?»

«በጸሎት ላይ ታየኝ።»

አያ አለሙ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ሳመ። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ በረረ።

ስነቃ ምድሩ ሁሉ ጭስ ነበር። ዓይኔ እያለቀሰ ከቤት ወጣሁ። ከማሳ ማሳ ነጭና ሰማያዊ ጭስ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ሰዎች በውስጡ እየሳሉ፣ እየተጣሩ ይሄዳሉ። ጭስ ባልነበረበት በወንዙ ዳር ሣሩ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ስረግጠው ተንኮሻኮሸ። ገብሱ ግን ቆሟል። አንዷ እልል አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት። አያ አለሙ መጥቶ የአባባን ጉልበት ሳመ። እኔም በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። በአባባ ጸሎትና በአክስቴ ሳጥን መካከል ጦርነት ነበረ፣ አባባ አሸነፉ፤ እንዲህ ነበር የገባኝ። ኩራቱ ግን ከንዴቱ ጋር ተቀላቀለብኝ። ካሸነፉ በኋላስ ለምን አይጠሯትም?

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አባባ መቅደስ አልገቡም። ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ያሉት የንስሐ አባታቸው ጋ ሄደው ተመለሱና፣ ከሌላው ምእመን ጋር ከውጭ ቆመው ማስቀደስ ጀመሩ። ጉልበቴ ነው አሉ፤ ሰውም ጉልበታቸው ነው አለ። በእነዚያ ጉልበቶች ግን ቀኑን ሙሉ እርሻ ሲያርሱ ይውላሉ። በዚያ ላይ ዝናቸው ወጣ። በሬው የጠፋበት ከስማዳ፣ ልጇ የታመመባት ከእስቴ፣ እየተጓዙ ይመጡና «መምሬ፣ ይታይዎት» ይሏቸዋል። «አይታየኝም! ሂዱ!» ብለው ይጮኹባቸዋል። ደጃችን ላይ ዶሮ ታቅፋ የምታለቅስ ሴት አይቼ፣ አባባ ምንኛ ጨካኝ ሆኑ ብያለሁ። እናቴ እርጅና ነው አለችኝ።

እውነቱን የነገረችኝ አክስቴ ናት። መምህር ሆኜ ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይቼ ነበር፤ ለሥራ ስታልፍ እኔ ጋ አረፈች። የአባባን ነገር አንሥቼ እንዴት እንዳባረሯት ስናገር እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ከግድግዳው ጀርባ ያልሰማሁትን ሁሉ ሰጠችኝ።

«መረጃው ሲመጣ ላዩም ታቹም ደረቅ፣ ነፋሱም ጸጥ ያለ ነበር። ውርጭ እንደሚወርድ አወቅሁ። ወጥቼ ልንገራቸው አልኩ። አባባ ከልክለው ያዙኝ። ‹አንቺ ብትነግሪያቸው አያጨሱም፤ ውርጩም ይወርዳል፤ አስቀድመሽ ስለጠራሽው አንቺ ሠራሽው ይሉሻል። ያን ጊዜ ከእጃቸው የማወጣሽ በምን አቅሜ ነው?› አሉኝ። ዝም ብል ደግሞ ገብሱ ሁሉ ያልቃል። ‹እኔ እናገረዋለሁ፤ አንቺ ግን ሲወርድ እዚህ መገኘት የለብሽም› አሉ። ‹ከየት አወቁት ቢሉዎትስ?› ብላቸው ‹ታየኝ እላለሁ› አሉ። ካህን ነዎት፣ ሐሰት ነው እኮ አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«‹ሐሰት መሆኑንማ ከአንቺ ይልቅ እኔ አውቃለሁ› አሉ።»

ሌሊቱን አልተኛሁም። አባባ በእግዚአብሔር ስም የዋሸ አፋቸውን ይዘው መቅደስ መግባት አልሆነላቸውም፤ ጉልበታቸው ደህና ነበር። መስቀሉንም ያዛወሩት ቀኝ እጃቸው ስለደከመ ሳይሆን፣ በቀኝ እጃቸው መስቀል ይዘው ላለመዋሸት ነበር። ይህን ሁሉ ሳውቅ አለቀስኩ፤ ከማዘኔ ይልቅ አባባን የተቀየምኩባቸው ዓመታት አናደዱኝ።

አባባ ዛሬም አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው ዓመት በማርያም በዓል፣ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥተው «ያን ጊዜ አልታየኝም ነበር። ልጄ የኔነሽ ናት የነገረችኝ። ዋሽቻችኋለሁ» አሉ። ሰው ምን አለ መሰላችሁ? «ትሕትናቸውን አያችሁ!» አለ። እልልታው ቀለጠ። አባባ እጄን ይዘው ወደ ቤት መመለስ ጀመሩ። «ውሸቴን አመኑኝ፣ እውነቴን አላምን አሉኝ» አሉ። ትንሽ እንደሄድን ቆሙና «ስልክሽን አውጪ። ለየኔነሽ ደውዪላት። ጥቅምት ሲገባ ሳጥኗን ይዛ ትምጣ» አሉኝ።

መጣች። የነዳት ያው ሥዩም ነው፤ ጠጉሩ ሸብቷል። እኔ የትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ፤ በዚህ ጊዜ ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። አጥሩ ዙሪያ እንደገና ሰው ቆመ። አያ አለሙ ዱላውን ይዞ መሐል ላይ ነበር፤ የታችኛው ማሳው ዘንድሮም ባቄላ ነው። ፊኛው ወጣ። አክስቴ ላፕቶፗን ይዛ ተቀመጠች፤ ያን የድሮውን ፊቷን እንደገና አየሁት። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።

አባባ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ አጥሩ ዙሪያ ያለው እንዲሰማ «ልጄ፣ ምን አየሽ?» አሏት።

አክስቴ ሰውን አየች። «ነገ ሊነጋጋ ሲል ...»

«ስሙን ጥሪው።»

«ውርጭ ይወርዳል።»

ማንም አልተነቃነቀም።  አያ አለሙ ወደ እሷ አላየም። ወደ አባባ ዞሮ «መምሬ፣ ለእርስዎስ ታየዎት?» አለ።

 አዎ ቢሉ ሁሉም ሮጦ ያጨሳል፤ እህሉ ይተርፋል። አይደለም ቢሉ ማሳው ይቃጠላል፤ ነገ ሰው የሚነሣባት ደግሞ አክስቴ ናት። ይሉታል ብዬ ነበር። በልቤ ይበሏቸው፣ አንዴ ብቻ ይበሉ አልኩ።

«አልታየኝም» አሉ አባባ። «ያን ጊዜም አልታየኝም። በእኔ ዓይን ፀሐይዋም በቅጡ አትታይም። የምታውቀው እሷ ናት።»

 አባባ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። «ሕይወት፣ ጭድ አስታቅፊኝ» አሉ። አስታቀፍኳቸው። በሩን በዳበሳ አልፈው ወጡና ወደ እኛ ገብስ ሳይሆን ቁልቁል ወደ አያ አለሙ ባቄላ መሄድ ጀመሩ። ጭዱ እየተበተነ፣ ትልሙ እያደናቀፋቸው ይሄዳሉ። ልከተላቸው ስል አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። ሰው ሁሉ ያያል። አንድ ጊዜ በጉልበታቸው ወደቁ፤ ጭዱን ሳይለቁ ተነሡ።

አያ አለሙ ዱላውን ጣለ። እየሮጠ ደረሰባቸውና ጭዱን ከእቅፋቸው ተቀበለ።

«ይስጡኝ መምሬ። የእኔ ማሳ እኮ ነው» አለ።  ከዚያ ጭዱን እንደታቀፈ ወደ ላይ፣ ወደ ግቢያችን ዞረ።

«የኔነሽ!» ብሎ ተጣራ። «መቼ ላይ ልለኩሰው?»

አክስቴ ክንዴን ለቀቀች። «ዶሮ ሲጮህ!» አለችው።